የጌሚንግ ኮምፒዩተር ማሻሻል

የጌሚንግ ኮምፒዩተር ማሻሻል ማለት ዕድሜው የገፋን የጌም መጫወቻ ኮምፒዩተር እንዳለ ከመጣል ይልቅ አንዳንድ ክፍሎቹን ብቻ በተሻሉ ክፍሎች መለወጥ ማለት ነው። በብዛት የሚለወጡት ግራፊክስ ካርድ፣ ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ማከማቻ (ሃርድ ዲስክ ወይም ኤስኤስዲ) እና ፓወር ሰፕላይ ናቸው። ይህ የሚቻለው የዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ክፍሎች በታወቁ መለኪያዎች ስለሚሠሩና ከየመሰኪያቸው ስለሚነቀሉ ነው። በአብዛኞቹ ላፕቶፖች ላይ ግን ፕሮሰሰሩና የግራፊክስ ቺፑ ከቦርዱ ጋር የተበየዱ ስለሆኑ ሊለወጥ የሚችለው ብዙውን ጊዜ ራምና ኤስኤስዲ ብቻ ነው።

ማሻሻል የሚጀምረው ማነቆውን በመለየት ነው። ማነቆ የሚባለው የሌሎቹን ክፍሎች አቅም የሚገድበው ደካማ ክፍል ነው። ማነቆ ያልሆነ ክፍል ቢለወጥ ገንዘቡ ይወጣል፣ ጌሙ ግን እንደነበረው ይቀጥላል።

ኮምፒዩተር የሚያረጅበት ምክንያት

የኮምፒዩተር ክፍሎች በአብዛኛው ከጊዜ ብዛት አይዘገዩም። አንድ ፕሮሰሰር በተመረተበት ዓመት የሠራውን ስሌት ከስምንት ዓመት በኋላም በዚያው ፍጥነት ይሠራል። ኮምፒዩተሩ «አረጀ» የሚያሰኙት ሦስት ነገሮች ናቸው።

የመጀመሪያው የጌሞች ፍላጎት ማደግ ነው። ለምሳሌ በ2023 የወጣው ስታርፊልድ በዝቅተኛ መስፈርቱ ላይ ኤስኤስዲ ይጠይቃል። በ2024 መጨረሻ የወጣው «ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል» ደግሞ የጨረር ስሌትን (ሬይ ትሬሲንግን) በራሱ የሚሠራ ግራፊክስ ካርድ ከሌለ አይነሳም።

ሁለተኛው የሶፍትዌር ድጋፍ መቋረጥ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሞችና ድራይቨሮች ለአሮጌ ክፍሎች መዘመናቸውን የሚያቆሙበት ቀን አላቸው።

ሦስተኛው የጥገና ጉድለት ነው። አቧራ ማቀዝቀዣውን ይደፍናል፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው የሙቀት አስተላላፊ ቅባት ይደርቃል። ፕሮሰሰር ወይም ግራፊክስ ካርድ ከተወሰነ ሙቀት በላይ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። እንዲህ ያለ ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው አዲስ ክፍል ሳይሆን ብሩሽና አዲስ ቅባት ነው።

ማነቆውን መለየት

አንድ ጌም በሚሠራበት ጊዜ ፕሮሰሰሩ የገጸ ባሕርያትን እንቅስቃሴ፣ ግጭቶችንና የጌሙን ሕግጋት አስልቶ ምን መሣል እንዳለበት ለግራፊክስ ካርዱ ይነግራል። ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ይሥላል። እያንዳንዱ ምስል ፍሬም ይባላል። በሴኮንድ 60 ፍሬም ለማግኘት እያንዳንዱ ፍሬም በ16.7 ሚሊሴኮንድ ውስጥ ማለቅ አለበት። ሁለቱ ክፍሎች ሥራቸውን የሚሠሩት ጎን ለጎን ነው፤ ግራፊክስ ካርዱ አንዱን ፍሬም ሲሥል ፕሮሰሰሩ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። ስለዚህ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁለቱ የዘገየው ነው።

ለምሳሌ ፕሮሰሰሩ ለአንድ ፍሬም 14 ሚሊሴኮንድ፣ ግራፊክስ ካርዱ ደግሞ 25 ሚሊሴኮንድ የሚፈጅበትን ኮምፒዩተር እንውሰድ። ውጤቱ በሴኮንድ 40 ፍሬም ነው። ባለቤቱ እጥፍ ፍጥነት ያለው ፕሮሰሰር ቢገዛ የፕሮሰሰሩ ጊዜ ወደ 7 ሚሊሴኮንድ ይወርዳል፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን አሁንም 25 ሚሊሴኮንድ ስለሚፈጅ ውጤቱ ያው 40 ፍሬም ነው። በተቃራኒው ፕሮሰሰሩን ትቶ ፍሬሙን በ10 ሚሊሴኮንድ የሚሥል ግራፊክስ ካርድ ቢገዛ ውጤቱ ወደ 71 ፍሬም ያድጋል። ካርዱ ብቻውን 100 ፍሬም የመሣል አቅም ቢኖረውም አሁን ማነቆው ወደ ፕሮሰሰሩ ዞሯል። ይህ ግን የግድ ጉዳት አይደለም። ስክሪኑ በሴኮንድ 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ከሆነ ከ60 በላይ ያለው ፍሬም ሙሉ በሙሉ አይታይም።

ማነቆውን ለመለየት ምንም መግዛት አያስፈልግም። በቅድሚያ በጌሙ ውስጥ ያለው የፍሬም ገደብና ቪሲንክ ይጠፋል። ቀጥሎ የጌሙ ሬዞሉሽን ዝቅ ይደረጋል። 1920 በ1080 የሆነ ምስል 2,073,600 ፒክሰሎች ሲኖሩት፣ 1280 በ720 የሆነው 921,600 ብቻ አለው። ይህ ለግራፊክስ ካርዱ ከግማሽ በላይ የሥራ ቅነሳ ነው፤ የፕሮሰሰሩን ሥራ ግን እምብዛም አይቀንስም። ሬዞሉሽኑ ሲቀነስ የፍሬሙ ቁጥር በብዙ ከጨመረ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ነው። ቁጥሩ ካልተለወጠ ማነቆው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው።

የአጠቃቀም መቶኛዎችም ይረዳሉ፤ ነገር ግን በጥንቃቄ መነበብ አለባቸው። ግራፊክስ ካርዱ ዘወትር ከ95 በመቶ በላይ የሚሠራ ከሆነ ሙሉ አቅሙን እየሰጠ ነው። የፕሮሰሰሩ መቶኛ ግን ያታልላል። አራት ኮር ያለው ፕሮሰሰር አንዱ ኮር ሙሉ በሙሉ ተይዞ ሦስቱ ሥራ ቢፈቱ ጠቅላላው የሚያሳየው 25 በመቶ ነው። ጌሙ ግን ያንን አንድ ኮር እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ሌላው ምልክት መንተፋተፍ ነው። አማካዩ የፍሬም ቁጥር ጥሩ ሆኖ ጌሙ በየመሃሉ ቆም እያለ የሚሄድ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ የራም ወይም የግራፊክስ ካርድ ሜሞሪ መሙላት፣ አለዚያም የሃርድ ዲስክ ዝግመት ነው።

ምሳሌ፦ ሁለት የ2017 ኮምፒዩተሮች

የማዘርቦርድ ምርጫ የኋላውን እንዴት እንደሚወስን በ2017 ሊገጣጠሙ ይችሉ የነበሩ ሁለት ኮምፒዩተሮች ያሳያሉ። ሁለቱም 8 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም በአንድ እንጨት፣ 1 ቴራባይት ሃርድ ዲስክና የኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ አላቸው እንበል። ይህ ካርድ በ2016 ወጥቶ ለዓመታት በዓለም ላይ በብዛት ከሚገኙት የጌም ካርዶች አንዱ ሆኖ ቆይቷል።

የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ኢንቴል ኮር አይ5-7400 ፕሮሰሰር አለው። ይህ አራት ኮርና አራት ትሬድ ያለው፣ ኤልጂኤ 1151 በሚባል መሰኪያ ላይ የሚቀመጥ ነው። ሁለተኛው የኤኤምዲ ራይዘን 5 1600 አለው። ይህ ደግሞ ስድስት ኮርና አሥራ ሁለት ትሬድ ያለው፣ ኤኤም4 በሚባል መሰኪያና በቢ350 ማዘርቦርድ ላይ የሚቀመጥ ነው።

የመጀመሪያው ኮምፒዩተር ጣሪያ ዝቅተኛ ነው። ኢንቴል በ2017 መጨረሻ ያወጣቸው የ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሮች መሰኪያቸው በስም ያው ኤልጂኤ 1151 ቢሆንም አዲስ ቺፕሴት ስለሚጠይቁ በቀድሞው ማዘርቦርድ ላይ በይፋ አይሠሩም። ስለዚህ ይህ ማዘርቦርድ ሊቀበል ከሚችላቸው ሁሉ የተሻሉት ባለ አራት ኮርና ባለ ስምንት ትሬድ የሆኑት ኮር አይ7-7700 እና 7700ኬ ናቸው። ከዚያ ያለፈ ፕሮሰሰር የሚፈልግ ሰው ማዘርቦርዱንም አብሮ መለወጥ ይኖርበታል፤ አዲሱ ማዘርቦርድ ዲዲአር5 የሚቀበል ከሆነ ራሙም ይለወጣል።

የሁለተኛው ኮምፒዩተር ጣሪያ ግን ከፍ ያለ ነው። ኤኤምዲ የኤኤም4 መሰኪያን ለብዙ ዓመታት አቆይቶ በ2022 የ5000 ተከታታይ ፕሮሰሰሮች በ300 ተከታታይ ማዘርቦርዶች ላይም እንዲሠሩ ፈቅዷል። ስለዚህ የማዘርቦርዱ አምራች አዲስ ባዮስ ካወጣለት፣ ያው ቢ350 ቦርድ ራይዘን 5 5600ን፣ ከዚያም አልፎ 96 ሜጋባይት የኤል3 ካሽ ያለውን ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲን ሊቀበል ይችላል። በግዢው ቀን በአንድ ደረጃ የሚመደቡ ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ ከአምስት ዓመት በኋላ አንዱ በአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ሲታደስ ሌላው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል እንዲለወጥለት ጠየቀ ማለት ነው።

የክፍሎች አመራረጥ

ማከማቻ

በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በሴኮንድ 120 ጊዜ ይዞራል። የተፈለገው መረጃ በማንበቢያው ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር መጠበቅ ስላለበት ለመዞሩ ብቻ ወደ 4.2 ሚሊሴኮንድ ይባክናል፤ የማንበቢያው ክንድ የሚንቀሳቀስበት ጊዜ በዚህ ላይ ይታከላል። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር አካል ስለሌለው መረጃውን ከ0.1 ሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያገኛል። በሳታ ገመድ የሚገናኝ ኤስኤስዲ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። በኤም.2 መሰኪያ የሚገባውና በፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 የሚሠራው የኤንቪኤምኢ ዓይነት ደግሞ እስከ 3500 ሜጋባይት ገደማ ይደርሳል።

ኤስኤስዲ የፍሬም ቁጥርን እምብዛም አይጨምርም፤ የኮምፒዩተሩን አነሳስና የጌሙን አከፋፈት ግን በግልጽ ያፋጥናል፣ በክፍት ዓለም ጌሞች ላይ የሚታየውን መንተፋተፍም ይቀንሳል። ከሃርድ ዲስክ ወደ ማንኛውም ኤስኤስዲ መሻገር የሚያመጣው ለውጥ፣ ከሳታ ኤስኤስዲ ወደ ኤንቪኤምኢ መሻገር ከሚያመጣው በእጅጉ ይበልጣል። ኤም.2 መሰኪያዎች መልካቸው ቢመሳሰልም አንዳንዶቹ የሚቀበሉት የሳታውን ዓይነት ብቻ በመሆኑ ከግዢ በፊት የማዘርቦርዱን መመሪያ ማየት ያስፈልጋል።

ራም

ራም ሲሞላ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የተረፈውን መረጃ ወደ ማከማቻው ያዘዋውራል። ማከማቻው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ጌሙ ይቆማል ማለት ይቻላል። ለዚህ 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ኮምፒዩተር ወደ 16 ጊጋባይት ማሳደግ ብዙ ጊዜ መንተፋተፉን ያስቀራል። 16 ጊጋባይት የማይሞላበት ሰው ግን ወደ 32 ቢያሳድገው በጌሙ ላይ ልዩነት አያይም።

የእንጨቶቹ ብዛትም ለውጥ አለው። ዲዲአር4-2400 ራም በአንድ ቻናል በሴኮንድ 19.2 ጊጋባይት ሲያስተላልፍ፣ ሁለት እንጨት በሁለት ቻናል ሲቀመጥ 38.4 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ሁለቱ እንጨቶች ተመሳሳይ መጠንና ፍጥነት ቢኖራቸው ይመረጣል። ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 የመሰኪያቸው ቅርጽ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። በተጨማሪም ራም ከተገዛ በኋላ በባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚባለው ቅንብር ካልተከፈተ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከተጻፈበት ባነሰ ፍጥነት ነው።

ግራፊክስ ካርድ

ግራፊክስ ካርድ ብዙውን ጊዜ የጌሚንግ ኮምፒዩተር ውዱ ክፍልና የፍሬም ቁጥርን በብዛት የሚወስነው ነው። ለአሮጌ ኮምፒዩተር ሲመረጥ ከፍጥነቱ ሌላ አራት ነገሮች ይታያሉ።

የመጀመሪያው የሜሞሪው መጠን ነው። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ ምስሎቹ ከራም በፒሲአይ ኤክስፕረስ በኩል መመላለስ ስለሚጀምሩ ጌሙ ይንተፋተፋል።

ሁለተኛው የመሰኪያው ፍጥነት ነው። ፒሲአይ ኤክስፕረስ 3.0 በአሥራ ስድስት መስመር ወደ 16 ጊጋባይት በሴኮንድ ያስተላልፋል። በ2022 የወጣው የኤኤምዲ አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ግን የሚጠቀመው አራት መስመር ብቻ ነው። በፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0 ላይ ወደ 8 ጊጋባይት ያገኛል፤ በ2017 ማዘርቦርድ ላይ ሲገባ ግን ወደ 4 ጊጋባይት ይወርዳል። ሜሞሪው 4 ጊጋባይት ብቻ በመሆኑ ይህ መቀነስ በጌም ላይ በግልጽ ይታያል። ለአሮጌ ኮምፒዩተር የታሰበ የሚመስለው ርካሽ ካርድ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይበልጥ ይደክማል።

ሦስተኛው የሚፈልጋቸው ቅንብሮች ናቸው። የኢንቴል አርክ ካርዶች በደንብ የሚሠሩት ሪሳይዘብል ባር የሚባለው ቅንብር በማዘርቦርዱ ላይ ሲኖር ነው፤ ብዙ የ2017 ቦርዶች ይህ የላቸውም።

አራተኛው የካርዱ ርዝመት ነው። ካርዱ ኬዙ ውስጥ የማይገባ ከሆነ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም።

ካርድ ከመግዛት በፊት ያለ ወጪ የሚሞከር ነገርም አለ። ኤኤምዲ በ2021 ያወጣው ኤፍኤስአር ጌሙ በዝቅተኛ ሬዞሉሽን ተሥሎ ወደ ስክሪኑ መጠን እንዲያድግ የሚያደርግ ዘዴ ሲሆን፣ ጌሙ የሚደግፈው እስከሆነ ድረስ እንደ ጂቲኤክስ 1060 ባሉ ካርዶች ላይም ይሠራል። ዲኤልኤስኤስ የሚባለው የኤንቪዲያ ዘዴ ግን የአርቲኤክስ ካርድ ይጠይቃል።

ፓወር ሰፕላይ

የማዘርቦርዱ መሰኪያ ለግራፊክስ ካርድ እስከ 75 ዋት ይሰጣል። ባለ 6 ፒን ገመድ ሌላ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን ገመድ ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ጂቲኤክስ 1060 የሚፈልገው 120 ዋት ነው። በ2021 የወጣው አርኤክስ 6600 ከእሱ በብዙ እየፈጠነ የሚፈልገው 132 ዋት በመሆኑ ጤናማ የሆነ ነባር ፓወር ሰፕላይ ብዙ ጊዜ ይችለዋል፤ ሆኖም የሚያስፈልገው ገመድ መኖሩ መታየት አለበት። በዚያው ዓመት የወጣው አርቲኤክስ 3060 ግን 170 ዋት ይፈልጋል፤ ኤንቪዲያም ለጠቅላላው ኮምፒዩተር 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል።

አንዳንድ ፓወር ሰፕላዮች በጀርባቸው 115 እና 230 የሚል የቮልቴጅ መቀየሪያ አላቸው። እንደ አሜሪካ ባለ 120 ቮልት አገር ይሠራ የነበረ እንዲህ ያለ ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ መቀየሪያው ሳይዞር በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ይቃጠላል።

ፕሮሰሰር

ፕሮሰሰር ከመገዛቱ በፊት የማዘርቦርዱ አምራች ያወጣው የፕሮሰሰሮች ዝርዝር ይታያል። በዝርዝሩ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስም ጎን የሚያስፈልገው የባዮስ ቁጥር ይገኛል። ባዮሱ የሚዘመነው አሮጌው ፕሮሰሰር ሳይነቀል ነው፤ አለዚያ አዲሱ ከገባ በኋላ ኮምፒዩተሩ ላይነሳ ይችላል። ባዮስ በሚጻፍበት ጊዜ መብራት ቢጠፋ ማዘርቦርዱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ስለሚችል፣ መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ሥራው በዩፒኤስ መደገፍ ይኖርበታል።

የሶፍትዌር ድጋፍ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተዘጋጀው የተራዘመ የደህንነት ማዘመኛ ደግሞ እስከ ኦክቶበር 2026 እንዲቆይ ተወስኗል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍልና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ከላይ በምሳሌነት የቀረቡት ኮር አይ5-7400 እና ራይዘን 5 1600 ሁለቱም ከዝርዝሩ ውጭ ናቸው። ሁለተኛው ኮምፒዩተር ግን ራይዘን 5 5600 ሲገባለት ዝርዝሩ ውስጥ ይገባል። የመጀመሪያው ማዘርቦርዱ ካልተለወጠ ይህ ዕድል የለውም።

ጂቲኤክስ 1060ም እንዲሁ የኤንቪዲያ መደበኛ የጌም ድራይቨር ማዘመኛ በኦክቶበር 2025 ከቆመባቸው ካርዶች አንዱ ነው፤ የደህንነት ማዘመኛዎች እስከ ኦክቶበር 2028 ይቀጥላሉ። ካርዱ ነባር ጌሞችን መሥራቱን አያቆምም፤ ለአዲስ ጌሞች የሚደረገው ማስተካከያ ግን አይደርሰውም።

ዊንዶውስን ትቶ ሊኑክስ መጫን ሌላ አማራጭ ነው። ቫልቭ በ2018 ያወጣው ፕሮቶን ብዙ የዊንዶውስ ጌሞችን በሊኑክስ ላይ ያሠራል። ሆኖም ማጭበርበርን ለመከላከል የሚጠቀሙበት ሶፍትዌር ሊኑክስን ስለማይቀበል አንዳንድ የኦንላይን ጌሞች አይሠሩም።

ያገለገሉ ክፍሎች

ለአሮጌ ኮምፒዩተር የሚሆኑ ክፍሎች ብዙዎቹ ከምርት ስለወጡ በአብዛኛው የሚገኙት ያገለገሉ ሆነው ነው። ፕሮሰሰርና ራም እምብዛም ስለማይበላሹ አገልግለውም ቢገዙ ሥጋታቸው ዝቅተኛ ነው። ሃርድ ዲስክ፣ ኤስኤስዲና ፓወር ሰፕላይ ግን በአገልግሎት ብዛት የሚደክሙ በመሆናቸው አዲስ ቢሆኑ ይመረጣል። ኤስኤስዲ እስካሁን የተጻፈበትን መጠን ራሱ ስለሚመዘግብ በሶፍትዌር ሊነበብ ይችላል።

ግራፊክስ ካርዶች በመካከል ናቸው። በሴፕቴምበር 2022 ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ መመረቱ ሲቀር ለዚያ ሥራ የዋሉ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጥተዋል። እንዲህ ያለ ካርድ የግድ የተበላሸ አይደለም፤ ማራገቢያውና የሙቀት ቅባቱ ግን መታየት አለባቸው። ያገለገለ ካርድ ከመከፈሉ በፊት ለግማሽ ሰዓት ያህል ከባድ ጌም ወይም መፈተሻ ተከፍቶበት ሙቀቱ፣ የማራገቢያው ድምፅና የምስሉ ጥራት ይታያል። ስሙ ብቻውን አይበቃም፤ በሶፍትዌር ተለውጦ ሌላ ካርድ መስሎ የሚሸጥ ስላለ፣ የሚያሳየው የሜሞሪ መጠንና የቺፑ ዓይነት ከትክክለኛው ጋር ይነጻጸራል።

በኢትዮጵያ ከውጭ በዘመድ ወይም በመንገደኛ የሚላክ ክፍል የማይስማማ ሆኖ ቢገኝ ለሻጩ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የመሰኪያው ዓይነት፣ የራሙ ትውልድ፣ የባዮሱ ቁጥር፣ የፓወር ሰፕላዩ ገመዶችና የኬዙ ስፋት ገንዘቡ ከመላኩ በፊት ተጽፈው መያዝ አለባቸው።

ቅደም ተከተል

ለአብዛኞቹ አሮጌ ጌሚንግ ኮምፒዩተሮች ወጪን የሚቆጥበው አካሄድ የሚከተለው ነው።

1. አቧራውን ማጽዳት፣ ሙቀቱን መለካት፣ አስፈላጊ ከሆነ የሙቀት ቅባቱን መለወጥ። የስክሪኑ ገመድ በማዘርቦርዱ ሳይሆን በግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካቱን ማረጋገጥ።
2. የራሙን ፍጥነት በባዮስ ማየት፣ በጌሙ ውስጥ ያሉትን ቅንብሮች ማስተካከል።
3. ሃርድ ዲስክ ብቻ ካለ ኤስኤስዲ መጨመር፤ ራሙ የሚሞላ ከሆነ ሁለተኛ እንጨት መጨመር።
4. በሬዞሉሽን ፈተናው ማነቆውን መለየትና ግራፊክስ ካርዱን ወይም ፕሮሰሰሩን መለወጥ።
5. ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ በያው ጌም፣ በያው ቦታና በያው ቅንብር እንደገና መለካት።

ኤስኤስዲና አዲስ ፓወር ሰፕላይ ወደፊት በሚገዛው ኮምፒዩተር ላይም ስለሚያገለግሉ ወጪያቸው አይባክንም። ግራፊክስ ካርድም እንዲሁ ሊዘዋወር ይችላል። ምርቱ ለቆመ መሰኪያ የሚገዛ ፕሮሰሰርና የቀድሞ ትውልድ ራም ግን ከማዘርቦርዱ ጋር ይቀራሉ።

ማሻሻል የማያዋጣበት ጊዜ

ፕሮሰሰሩ ማነቆ ሆኖ ማዘርቦርዱ ከዚያ የተሻለ መቀበል የማይችል ከሆነ፣ ማሻሻሉ ማዘርቦርድን፣ ፕሮሰሰርንና ምናልባትም ራምን በአንድ ላይ መግዛት ይሆናል። በዚህ ጊዜ ከአሮጌው የሚተርፉት ኬዙ፣ ማከማቻውና ካርዱ ብቻ ስለሆኑ ሥራው አዲስ ኮምፒዩተር ከመገጣጠም ብዙም አይለይም። በምሳሌው የቀረበው ባለ ኮር አይ5-7400 ኮምፒዩተር እዚህ ደረጃ ላይ ነው። ኤስኤስዲና ራም ቢጨመርለት ለነባር ጌሞችና ለትምህርት ሥራ ለተጨማሪ ዓመታት ያገለግላል፤ ውድ ግራፊክስ ካርድ ቢገባለት ግን አራቱ ኮሮች አዳዲስ ጌሞች ላይ ይገድቡታል። ባለ ራይዘን 5 1600 ኮምፒዩተር ደግሞ ፕሮሰሰሩና ካርዱ በየተራ ተለውጠው የዛሬ ጌሞችን ሊያጫውት ይችላል። ሁለቱን የለያቸው ገዢው ያን ጊዜ ብዙም ያላየው የማዘርቦርዱ መሰኪያ ነው።